ስለ አንዲት አራስ ሕፃን ፎቶግራፍና ስለ መስኮቱ ብርሃን

ሰው የሚወደው ፊት ከዐይኑ እንዳይጠፋበት ሲል ብዙ ይደክማል። ቀድሞ መልኩን በቀለም አሥሎ ወይም በደንጊያ አስቀርጾ ለማኖር የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ግን በትንሽ ቤት የምትኖር እናት እንኳ የልጇን መልክ በእጇ በያዘችው ስልክ ታስቀራለች። ዳሩ ግን መልክን ማስቀረት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ መልክ አስተውሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። በጕለሌ በአንድ ቤት የሆነው ነገር ይህን በደኅና ያስረዳል።

በዚያ ቤት የምትኖር አንዲት ወጣት ሴት የመጀመሪያ ልጇን በጥቅምት ወር በሰኞ ቀን በሐኪም ቤት ወለደች፤ በማግሥቱም ሕፃኒቱን ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ባሏ በጅቡቲ መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ነጂ ነበረና የልጁን ፊት አንድ ሌሊት ብቻ አይቶ ለጕዞ ተነሣ። ሲሰናበትም «እኔ እስክመለስ መልኳ ይለወጣልና ደኅና ፎቶግራፍ አንሺ አስመጥተሽ አስነሻት» ብሎ ገንዘብ ትቶላት ሄደ። የአራስ ልጅ መልክ ከቀን ወደ ቀን መለዋወጡ እውነት ነው። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ያለውን ጊዜ ይመርጣሉ፤ ይኸውም ሕፃን በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ሰዓት ስለሚተኛና በማሕፀን እንደ ነበረ ተጠቅልሎ ማረፍን ስለሚወድ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በስድስተኛው ቀን፥ በቅዳሜ ጧት፥ እንዲሆን ተቈረጠ።

የሕፃኒቱ አያት ግን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ደስ አላላቸውም። «ልጄ፥ ክርስትና ሳትነሣ ስለ ምን ለሰው ዐይን ትሰጫታለሽ? ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ የክርስትና ስሟን ታገኛለች፤ ማዕተቧን ታስራለች። አስቀድማ ክርስትና ትነሣ፤ ፎቶግራፉን ከዚያ በኋላ ትነሣለች» አሉ። ልጃቸውም «እማዬ፥ የጠየቀው እኮ አባቷ ነው፤ በመንገድ ላይ ሆኖ መልኳን ቢያይ ምን ይጎዳል?» ብላ መለሰች። አያቲቱም ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዝም አሉ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የመጡ ጐረቤቶች ይህን ዝምታ የቡዳ ፍርሃት ነው ብለው ተረጐሙት። በሀገራችን እንዲህ ያለ ፍርሃት አለና እንዲህ ማሰባቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ከፍርሃቱ በታች ሌላ ነገር ተቀብሮ ነበር። እኒህ እናት በወጣትነታቸው በገጠር ሳሉ የወለዱት የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው አርባ ቀን ሳይሞላው ዐርፎባቸዋል። ሥዕል አልቀረለትም፤ ልብሱም አልቀረም። ልጃቸው አንድ ወንድም እንደ ነበራት ከሰው አፍ ሰምታ ታውቃለች እንጂ እንዴት እንደ ሞተ አልተነገራትም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

የሕፃናት ሥዕል ታሪክም ቢመረመር ደስታና ኀዘን ተቀላቅለው ይገኙበታል። የፎቶግራፍ ጥበብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ ሥዕሉን ለመቀበል ረዥም ጊዜ ያስፈልግ ነበርና የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቈየት ነበረበት። ሕፃን ደግሞ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ አንዳንድ እናቶች በጨርቅ ተሸፍነው እንደ ወንበር ወይም እንደ መጋረጃ መስለው ልጃቸውን ደግፈው ይይዙ ነበር፤ በሥዕሉም ላይ ልጁ በግልጥ ይታያል፥ እናቲቱ ግን ከጨርቁ በታች የተሰወረች ጥላ ሆና ትቀራለች። የኢትዮጵያ ልጆች ከተነሡአቸው የቀድሞ ፎቶግራፎች መካከል በዓለም የታወቁት የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ናቸው። ልዑሉ አባቱ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ በሰባት ዓመት ዕድሜው ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1868 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። በ1879 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው በባዕድ ሀገር ዐረፈ፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ሰውን በትካዜ ይመለከታል። የልጅ ፎቶግራፍ እንግዲህ የደስታ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ልጁ እንዲህ ሆኖ ይታይ ነበር ብሎ የሚመሰክር ምስክር ነው።

ወደ ጕለሌው ቤት እንመለስ። ፎቶግራፍ አንሺዋ በዚያው ሰፈር የምትሠራና ራሷም የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በሐሙስ ቀን በስልክ ደውላ አስቀድሞ የሚሰናዳውን ነገር ሁሉ ተራ በተራ ነገረች። «መጀመሪያ ሰፊ መስኮት ያለበትን ክፍል ምረጡ፤ ሥዕልን የሚሠራው ብርሃን ነውና በጐን የሚገባ የጧት ብርሃን ከመብራት ሁሉ ይሻላል። ክፍሉ ይሙቅ፤ አራስ ሕፃን ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። ነገር ግን የከሰል ምድጃ አታግቡ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድድ መልክም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል፥ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በዚህ በጥቅምት ብርድ ራቁቷን ማንሣት አያስፈልግምና ተጠቅልላ ትነሣለች። የሚያስል ወይም ጕንፋን የያዘው ሰው ከክፍሉ ይራቅ፤ የሚነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሽቱ አትቀቡ፥ በዚያ ጧት ዕጣንም አታጭሱ። ከመምጣቴ በፊት ጡት ትጥባና ትጥገብ። ለመደገፊያ አንድ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ይበቃል።» ወጣቲቱ እናት ይህን ሁሉ በወረቀት ጻፈችው።

ዳሩ ግን ወጣቲቱ በስልኳ ያየቻቸው ብዙ ሥዕሎች አሳቧን ወስደውት ነበርና «በመሶብ ውስጥ ተቀምጣ፥ አገጯን በመዳፎቿ ላይ አስደግፋ ብትነሣስ?» ብላ ጠየቀች። ፎቶግራፍ አንሺዋም «እኅቴ፥ እንዲህ ያሉት ሥዕሎች በጥንቃቄ ሲሠሩ የአንድ ጊዜ ሥዕል አይደሉም። በአንዱ ጊዜ ራሷን ሰው ደግፎ ይዞ ይነሣል፤ በሌላው ጊዜ እጇን ደግፎ ይነሣል፤ ኋላ ሁለቱን አጋጥመው የደገፋትን እጅ ያጠፉታል። አንገቷ ያልጠና ልጅ ያለ ድጋፍ አትቀመጥም። ትንፋሿም ሊታፈን ይችላል» አለቻት። አያቲቱ ከማዶ ሆነው ይህን ሰሙና «መሶብ የእንጀራ ማደሪያ ነው፤ ለልጅ የእናት ክንድ አለላት» አሉ። እንደዚህም ሆኖ ነገረ መሶቡ ቀረ።

ዐርብ ቀን ቤቱ በሥራ ተናወጠ። ግድግዳው ተጠረገ፤ ነጠላው ታጠበ፤ አጥሚቱና ገንፎው ለጠያቂ ቀረበ። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ አንድ ነገር ተዘነጋ። ከሐኪም ቤት ስትወጣ እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ከልጇ ጋራ ተመልሳ እንድትታይ ታዛ ነበር። የሚመከረው ሥርዐት እንዲህ ነው፤ እናትና ልጅ በመጀመሪያው ቀን፥ ደግሞም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ከዚያም በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይገባል። ነገር ግን ረቡዕ እንግዳ በዛ፤ ሐሙስ ደግሞ የፎቶግራፉ አሳብ መጣ፤ «ልጅቱ ደኅና ናት፥ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ እንሄዳለን» ተባለ።

በእርግጥም ሕፃኒቱ ደኅና ትመስል ነበር። አታለቅስም፤ አትረብሽም፤ ትተኛለች። ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፥ ድምፅዋም አይሰማ!» እያሉ አደነቁ። እናቲቱም ደስ አላት፤ ለፎቶግራፍ የሚፈለግ እንዲህ ያለ የተኛ ልጅ ነውና። ሌሊት ጡት ሊያጠቧት ሲቀሰቅሷት ጥቂት ጠብታ ጠብታ ታደርግና ትመለሳለች። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ጊዜ መጥባት ሲገባው እርሷ የጠባችው የዚህን እኩሌታ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የረጠበውም ጨርቅ በቍጥር ያነሰ ነበር። አያቲቱ ይህን እያዩ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉት ነበር።

ቅዳሜ ጧት ፎቶግራፍ አንሺዋ መጣች። ጫማዋን በደጅ አውልቃ፥ እጇን ታጥባ ገባች። ክፍሉ ሕፃኒቱ ከመጣች ጀምሮ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በብርቱካን ቀለም መጋረጃ ተጋርዶ ነበር፤ ሌሊትም የሚበራው መብራት ቢጫ ነበር። መጋረጃው ተገለጠ፤ ዝናም ያጠበው የጥቅምት ሰማይ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ለቀቀው። እናቲቱ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሕፃኒቱም በነጩ ነጠላ ተጠቅልላ በጭኗ ላይ ተጋደመች።

በፎቶግራፍ ሥራ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። የመብራቱና የግድግዳው ቀለም በሥዕሉ ላይ እንዳይጋባ፥ አስቀድሞ መሣሪያውን ወደ አንድ ነጭ ነገር አቅንተው ነጭ ማለት ይህ ነው ብለው ያስታውቁታል፤ ያን ጊዜ ሌላው ቀለም ሁሉ በየቦታው ይገባል። ፎቶግራፍ አንሺዋም በነጠላው ላይ ይህን አደረገችና አንድ የሙከራ ሥዕል አነሣች። ተመለከተችው። ነጠላው እንደ ወተት ነጭ ሆነ፤ የእናቲቱ እጅ የራሱን ጠይም መልክ ያዘ፤ የሕፃኒቱ ፊት ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። መሣሪያዋን ዳግመኛ አስተካከለች፤ ያው ነው። ያን ቢጫ ኋላ በመሣሪያ ማጥፋት ለእርሷ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አድርጋዋለች። አሁን ግን እጇ እንቢ አላት።

«እማማ፥ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ፤ መሣሪያዬ ነው ወይስ ልጅቱ?» አለች።

አያቲቱ ቀርበው ጐንበስ አሉ። የሕፃኒቱን ደረት በጣታቸው ቀስ ብለው ተጫኑና ለቀቁ፤ ጣታቸው የተለየው ስፍራ ቢጫ ነበር። የዐይኗን ነጭ አዩ፤ ቢጫ ነበር። ነጠላውን ገልጠው እግሯን አዩ፤ ውስጥ እግሯም እንደዚያው ነበር። በዚያ የነበረች አንዲት ጐረቤት «ይህማ የወፍ በሽታ ነው፤ ጧት ጧት ፀሐይ ብትሞቅ ይለቃታል፤ አሁን ተነሥታ ትጨርስ እንጂ» አለች። እናቲቱም ወደ ፎቶግራፍ አንሺዋ እያየች «አንድ ሰዓት ብንቈይ ምን አለ? አባቷ ዛሬ ይጠብቃል» አለች።

የዚያን ጊዜ አያቲቱ ቀና ብለው እንዲህ አሉ። «ልጄ፥ ወንድምሽም እንዲህ ነበረ። እንዲህ ቢጫ ሆኖ፥ እንዲህ ተኝቶ፥ ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እያለ ያመሰግነው ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ፀሐይ አሞቅነው። በዘጠነኛው ቀን ጡት መያዝ አቃተው። በይ ተነሺ!» ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ሠላሳ ዓመት ያልተነገረው ነገር በአራት ቃል አለቀ። ፎቶግራፍ አንሺዋ መሣሪያዋን ጠቅልላ መኪና ልታስቆም ወጣች፤ እናቲቱም ያጌጠችበትን ልብስ ሳትለውጥ ልጇን ታቅፋ ተከተለች።

በሐኪም ቤት ደሟ ተመረመረ። ነገሩም እንዲህ ነው። በሰው ደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት ሲያረጁ ይፈርሳሉ፤ ከፍርስራሻቸውም ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጕበት ይህን አሰናድቶ ከሰውነት ያስወጣዋል። የአራስ ልጅ ጕበት ግን ገና ለሥራው አልጠናምና ቢጫው በቈዳ ላይ ይታያል። ወራቸው ሞልቶ ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶው ስድሳ ያህሉ እንዲህ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም ያለ መድኀኒት ይድናሉ። ነገር ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፥ ወይም ከፊት ወርዶ እስከ እግር ከደረሰ፥ ወይም ልጁ እየደከመ ጡት መጥባት ከተወ፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ቢጫው እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ወደ አንጎል ይገባል፤ መስማትን ያጠፋል፥ አካልን ያሰናክላል፥ ይገድላልም። መልካቸው ጠይም በሆኑ ሕፃናት በፊት ላይ ቶሎ ስለማይለይ የዐይንን ነጭ፥ ድድን፥ መዳፍንና ውስጥ እግርን በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። በተጋረደ ክፍልና በቢጫ መብራት ግን ማንም አይለየውም።

መድኀኒቱም ብርሃን ሆነ። ሕፃኒቱ ዐይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ በሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኛች። ይህ ብርሃን በቈዳ በኩል ገብቶ የቢጫውን ነገር ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ የጕበትን ሥራ ሳይጠብቅ በሽንትና በዐይነ ምድር ይወጣል። ጥበቡ የተገኘው በእንግሊዝ ሀገር በሮችፎርድ ሐኪም ቤት ነው። ዋርድ የተባለች የአስታማሚዎች አለቃ በብራ ቀን ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከእነርሱ አንዱን ስታይ ፀሐይ ያገኘው ገላው ነጥቶ በጨርቅ ተሸፍኖ የነበረው ስፍራ ብቻ ቢጫ ሆኖ እንደ ቀረ አስተዋለችና ለሐኪሞቹ አሳየች። እነርሱም መርምረው በ1958 ዓ.ም. ሥራውን በጽሕፈት አወጡት። ስለዚህ አሮጊቶቻችን ልጅን ፀሐይ ማሞቃቸው ከሥር መሠረቱ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን የፀሐይ መጠን አይታወቅም፤ ሕፃኑን ያቃጥለዋል ወይም ያበርደዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ያሳልፋል። ሕመሙ ከበረታ ፀሐይ ሐኪምን አይተካም።

እናቲቱ ሁለት ሌሊት ከአልጋው አልተለየችም። በየሁለት ሰዓቱ ልጇን እየቀሰቀሰች አጠባች፤ ጡት ባበዛች መጠን ቢጫው ይወጣልና። አባቲቱ ከመንገድ ደውሎ ስለ ፎቶግራፉ በጠየቀ ጊዜ የሆነውን ነገረችው። እርሱም ብዙ ሰዓት ዝም ካለ በኋላ «ሥዕሉ ይቅር፤ እርሷን ብቻ ጠብቂልኝ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኒቱ ርቧት አለቀሰች። በዚያ ቤት ከዚያ ልቅሶ የበለጠ መዝሙር አልተሰማም።

ቀኑ ደርሶ ሕፃኒቱ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ያቺው ፎቶግራፍ አንሺ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አነሣቻት፤ በአያቷ ክንድ ላይ ሆና፥ ማዕተቧ በአንገቷ ታስሮ፥ ዐይኗን ገልጣ ነበር። ልትሄድ ስትል አያቲቱ ጠሯትና «የኔ ልጅ፥ ያቺ ያልጨረስሻት፥ የዚያን ቀን ያነሣሻት የት አለች?» አሏት። «አለች፥ እማማ፤ ቢጫውን አጥፍቼ ላምጣልዎ?» አለች። «አታጥፊው፤ እንዳለች አምጪልኝ» አሉ።

ዛሬ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጐን ለጐን ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ የሚያደንቀው የክርስትናውን ነው። አያቲቱ ግን የሚያዩት ሌላውን ነው፤ በነጭ ነጠላ ላይ የተጋደመች ቢጫ ሕፃን፥ ከበታችዋም ደግፎ የያዘ የእናት እጅ። ምን እንደሚያስቡ ማንም አይጠይቃቸውም። አንድ ቀን ብቻ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለች እንዲህ ሲሉ ተሰምተዋል፤ «ከሕመሟ ተነሣች፤ ክርስትና ተነሣች፤ ፎቶግራፍ ተነሣች። ለእርሱም አንድ መስኮት የገለጠለት ሰው በነበረ!»

ለአራስ ልጅ ፎቶግራፍ የሚሰናዳ ቤት እንግዲህ መጋረጃውን አስቀድሞ ይግለጥ፤ ልጁንም ከሥዕሉ በፊት በቀን ብርሃን ይመልከት። ዝም ብሎ የሚተኛ ልጅ ሁሉ ጨዋ አይደለም፤ ደክሞም ሊሆን ይችላልና። አሮጊት እናት አንድን ነገር እንቢ ሲሉም ፍርሃት ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ቀስ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ምናልባት በዚያ እንቢታ ውስጥ ሌላ ልጅ የሚያድን ነገር ተሰውሮ ይኖራልና።